«ለዘለዓለም» ተብሎ የተሸጠልኝ ፕሮግራም ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ ሞተ

ባለመድኃኒቱ፣ ማራኪ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪ አካባቢ አነስተኛ መድኃኒት ቤት አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የመድኃኒት ክምችትን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀንንና የዕለት ሽያጭን የሚመዘግብ ፕሮግራም በ28,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ ከአዲስ አበባ መጥቶ ራሱ ጫነልኝ፤ ሠራተኛዬን ሁለት ቀን አሠለጠነልኝ፤ ምሳም አብረን በላን። «ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ አንዴ ከከፈሉ ለዘለዓለም የእርስዎ ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ እንከን ሠርቷል፤ በዚህ ሰውየውን አላማም።

ባለፈው ሰኞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ እንደ ጠፋ ቀረ። ፒያሳ ለሚገኝ ጠጋኝ ወሰድሁት። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ተቃጥሏል፤ መረጃው የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ግን ደኅና ነው አለኝ። ተመስገን ብዬ ሌላ ኮምፒውተር ገዛሁና ሃርድ ዲስኩን አዛወረልኝ። ፕሮግራሙን ስከፍተው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ አወጣ፦ ይህ ፈቃድ ለዚህ ኮምፒውተር የተሰጠ አይደለም።

ደወልሁ። ሻጩ በትሕትና፣ እንዲያውም ስለ ቤተሰቤ ከጠየቀኝ በኋላ፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለማሽኑ እንጂ ለእኔ እንዳልነበር አስረዳኝ። ለአዲሱ ማሽን አዲስ ቁልፍ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚከፍት የፈቃድ ቁጥር፣ ያስፈልጋል፤ የቆየ ደንበኛ ስለሆንሁ በ19,000 ብር ይሰጠኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያን ጊዜ በ28,000 ብር የገዛሁት ምንድን ነው? ወንበር ገዝቼ ቤት ብቀይር ወንበሩ «ይህን ቤት አላውቀውም» ብሎ አያስቀምጠኝም ይላል? ከገንዘቡ ይልቅ ደግሞ የሚያንገበግበኝ የሦስት ዓመት መዝገቤ ነው። እኔና ሠራተኛዬ በየቀኑ ያስገባነው ሁሉ ውስጥ ተቆልፎበታል። አሁን የትኛው መድኃኒት ጊዜው እንደሚያልፍ ለማወቅ መደርደሪያው ላይ ያለውን እሽግ እያንዳንዱን አንሥተን በዓይናችን እናነባለን። ጥምቀት ደግሞ ሳምንት ቀርቶታል፤ ከተማው እንዴት እንደሚሞላ ታውቃላችሁ።


ዝም_አይልም
ጥር 3፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20

ፍላሽ ይዤ ልምጣ፣ ክራክ የተደረገውን፣ ቁልፉ የተሰበረውን፣ በነፃ እጭንልሃለሁ። ጎንደር ውስጥ ለፕሮግራም ብር የከፈልህ አንተ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።


ባለመድኃኒቱ፣ ማራኪ

አመሰግናለሁ፣ አይሆንም። የመድኃኒት መዝገብ ነው፤ ማን እንደነካካው በማላውቀው ፕሮግራም ላይ አላስቀምጠውም።


የችሎት_ደጅ፣ አራዳ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

የሕግ ሰው ነኝ። ሰነድዎን ሳላይ ስለምጽፍ እንደ ወዳጅ ምክር ይውሰዱት።

የሚያስከፋውን ላስቀድም። «የሸማቾች አዋጅ አለ» ሲባል ብዙ ሰው ልቡ ይሞላል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 በእርግጥ ጥሩ ነገር አለው፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ሻጩን ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። እርስዎ የገዙት ለንግድ ቤትዎ ነው። በዚያ በር አይገቡም። ለልጅዎ የሒሳብ ማስተማሪያ ፕሮግራም ገዝተው ቢሆን ኖሮ ንግግራችን ሌላ ይሆን ነበር። ይህን ልዩነት የንግድ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ከተጣሉ በኋላ ነው።

የሚቀርልዎት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 2266 የሽያጭ ውልን ሲተረጉም ሻጩ ነገሩን ሊያስረክብና ባለሀብትነቱን ሊያዛውር፣ ገዢው ደግሞ ዋጋውን በገንዘብ ሊከፍል የሚገባበት ውል ያደርገዋል። ማዛወር ከሌለ ሽያጭ የለም ማለት ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ። ቁጥር 1204 ባለሀብትነትን ግዙፍነት ባለው ነገር ላይ ሊኖር የሚችል ከሁሉ የሰፋ መብት አድርጎ ነው የሚገልጸው። ሕጉ ሲወጣ በሰዎች አእምሮ የነበረው በሬ፣ ማረሻ፣ የጽሕፈት መኪና ነው። ፕሮግራም ግዙፍ ነው? ሲዲው ይጨበጣል፤ በላዩ ያለው ግን አይጨበጥም። ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ቆጥሮ ለደራሲው ጥበቃ የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ድርሰቱ የደራሲው ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ማንም አይክድም። የእርስዎ ጥያቄ ስለ ቅጂው ነው። ያው አዋጅ የአንድ ቅጂ ባለቤት የሆነ ሰው ፕሮግራሙን ለተገዛበት ዓላማ ለመጠቀም አስፈላጊ ከሆነ፣ ወይም ለመጠባበቂያ፣ ወይም የጠፋውንና የተበላሸውን ለመተካት አንድ ቅጂ ያለ ደራሲው ፈቃድ እንዲያዘጋጅ ይፈቅድለታል። ሻጮች «አልሸጥንልህም፣ ፈቀድንልህ እንጂ» ማለት የሚወዱት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የቅጂው ባለቤት ካልሆኑ ይህ ፈቃድ የእርስዎ አይሆንም።

ሁለት ነገር ይንገሩኝ። ከመክፈልዎ በፊት «ለአንድ ማሽን ብቻ» የሚል ወረቀት ፈርመዋል ወይ? ደረሰኝዎስ ምን ይላል?


ባለመድኃኒቱ፣ ማራኪ

የፈረምሁት ወረቀት የለም። ሲጭንልኝ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ መጣ፤ እሱ ራሱ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኖ አለፈው። እኔ በዚያን ሰዓት ደንበኛ እያስተናገድሁ ነበር። ገንዘቡን ጠዋት ከፍያለሁ።

ደረሰኙን አሁን አውጥቼ አየሁት። «የኮምፒውተር ዕቃ፣ ብዛት 1፣ ብር 28,000» ይላል።


የችሎት_ደጅ፣ አራዳ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ዕቃ ብሎ የጻፈው ራሱ ነው? ያንን ደረሰኝ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት፤ ነገ ጠዋት ኮፒ ያስነሡለት።

ቁጥር 1686 ላይ አንዱ ወገን በንግዱ ዘወትር የሚሠራባቸው የውል ቃሎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት ያ ወገን አውቋቸው ሲቀበላቸው ነው የሚል ነገር አለ። እርስዎ አላነበቡም፤ አልተጫኑም፤ ገንዘቡም ቀድሞ ተከፍሏል። የተጫነው ሻጩ ራሱ ነው። ሰው ከራሱ ጋር ተስማምቶ ሌላውን አያስርም። ሻጩ «አላነበብሁም ማለት መከላከያ አይሆንም» ሊልዎት ይችላል፤ የእርስዎ ነገር ግን አለማንበብ ብቻ አይደለም።

በዓለም ላይም በዚህ ነገር ዳኞች አልተስማሙም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ኦራክል በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያና ያገለገሉ ፈቃዶችን በሚሸጠው ዩዝድሶፍት ክርክር፣ አንድ ጊዜ ዋጋ ተከፍሎ ያለ ጊዜ ገደብ የተሰጠ ፕሮግራም ከኢንተርኔት የወረደ ቢሆንም እንኳ ቅጂው እንደ ተሸጠ ይቆጠራል፣ ገዢውም መልሶ ሊሸጠው ይችላል አለ። ከዚያ በሁለት ዓመት ቀድሞ አሜሪካ ውስጥ የዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አውቶካድ የተባለውን የንድፍ ፕሮግራም ያገለገሉ ዲስኮች በኢንተርኔት ሊሸጥ በሞከረ ሰው ጉዳይ ላይ፣ ኩባንያው ፈቃድ ሰጠሁ ብሎ መሸጋገርን ከከለከለና አጠቃቀሙን ካጠበበ ገዢው የቅጂው ባለቤት አይደለም ብሎ ነበር። ያው ዲስክ፣ ያው ገንዘብ፤ በአንዱ አህጉር ባለቤት፣ በሌላው ተጠቃሚ። የእኛ ዳኛ በሁለቱም አይታሰርም። ግን «ለዘለዓለም» የሚለው የሻጭዎ ቃል ወደየትኛው እንደሚያደላ ይታያችኋል።


ኮድ_ለቃሚ፣ ቀበሌ 18
ጥር 4፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

እስቲ የእኔንም ወገን ስሙት። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ጽፌ የምሸጥ ነኝ። (የባለመድኃኒቱ ሻጭ አይደለሁም፤ እንዳትፈልጉኝ።)

የመጀመሪያውን ፕሮግራሜን ያለ ቁልፍ ነበር የሸጥሁት፤ ለሕንፃ መሣሪያ ሱቅ። አንድ ሰው ገዛው። በዓመቱ በዚያው መንገድ ላይ ባሉ አራት ሱቆች ውስጥ ስሜ የተጻፈበትን መስኮት አየሁት። የሚገርመው፣ ሲበላሽባቸው አራቱም የሚደውሉት ለእኔ ነው። አንደኛው እንዲያውም «ያንተ ነገር ቶሎ ቶሎ ይበላሻል» ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ በኋላ ነው ፕሮግራሙን ከማሽኑ ጋር ማሰር የጀመርሁት። ይህን እኔ አልፈጠርሁትም። ማይክሮሶፍት ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ተጭኖ የሚመጣውን ዊንዶውስ ከዚያው ማሽን ጋር ነው የሚያስረው፤ ለብቻው የሚሸጠውን ግን ከአንዱ አንሥተህ ወደ ሌላው ልታዛውረው ትችላለህ። ሁለቱም በሕጋዊ ዋጋ የተከፈለባቸው ናቸው፤ ሻጩ የትኛውን እንደሰጠህ የሚነግርህ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ራሴን ልውቀስ። ደንበኛ «ኪራይ ነው» ስትለው ፊቱን ያዞራል፤ «ሽያጭ ነው» ስትለው ይከፍላል። ስለዚህ ሁላችንም ሽያጭ እንላለን። ፎቶሾፕን የሚሠራው አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 ዋና ዋና ፕሮግራሞቹን አንዴ ተከፍሎባቸው በሚያዙበት መንገድ መሸጡን እንደሚያቆምና ወደ ደንበኝነት ክፍያ እንደሚሄድ ሲያስታውቅ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር፤ ቢያንስ ግን ስሙን ቀይሮ ነው የሄደው። እኛ ስሙን «ሽያጭ» ላይ ትተን ሥራውን ኪራይ አደረግነው። ቅር የሚያሰኘው እዚህ ላይ ነው።

ማዘርቦርድ ለተቃጠለበት ሰው 19,000 ብር መጠየቅ ግን እኔም አልደግፈውም። እኔ አሮጌው ማሽን መሞቱን በፎቶ ካየሁ ቁልፉን በነፃ እቀይራለሁ።

ይህን ጽፌ ልልክ ስል አንድ ነገር ታወሰኝ። ቁልፍ የምታመነጨው ትንሿ ፕሮግራም ያለችው በእኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። እኔን ነገ መኪና ቢገጨኝ ሰባ የሚሆኑ ሱቆች ማዘርቦርዳቸው በተቃጠለ ቀን ያለቀላቸው ናቸው። ላብ ላብ አለኝ። ለወንድሜ ዛሬውኑ አንድ ቅጂ እሰጠዋለሁ።


ፎቶ_ቤቷ፣ ፒያሳ
ጥር 4፣ ከሰዓት በኋላ

ወንድሞቼ፣ እናንተ ቢያንስ የምትደውሉለት ሰው አላችሁ።

እኔ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በየወሩ እየከፈልሁ እጠቀማለሁ። ከዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለእኔ ቢጤ ቀላል ስላልሆነ፣ ውጭ አገር የወጣ ካርድ ያለው ሰው ይከፍልልኝና እኔ በቴሌብር እልክለታለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። መለያው የተከፈተው በእሱ ኢሜይል ነው፤ የይለፍ ቃሉን ሰጥቶኛል፤ ስልኩም የእሱ ነው። ያኔ «ምን ልዩነት አለው?» ነበር ያልሁት።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ሦስት ሠርግ በእጄ እያለ፣ ፕሮግራሙ ማንነቴን እንዳረጋግጥ ጠየቀኝ። የማረጋገጫው ቁጥር የሚሄደው ወደ ሰውየው ስልክ ነው። ስልኩ ዝግ ነው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። የሙሽሮቹ ፎቶ ገሚሱ በራሴ ዲስክ ላይ ነበር፤ በደመና ላይ፣ ማለትም በኩባንያው የኢንተርኔት ማስቀመጫ፣ ያስቀመጥሁት ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ለኩባንያው ጻፍሁ፤ መለያው በስምዎ አይደለም፣ ስለዚህ ልንረዳዎ አንችልም አሉ። ተናደድሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። ማንም ተነሥቶ «የእኔ ነው» ቢላቸው መስጠት አለባቸው? የከፈልሁት እኔ መሆኔን የሚያሳየው የቴሌብር መልእክት ነው፤ እሱም ለሰውየው ብር መላኬን እንጂ ምን እንደ ገዛሁ አይልም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ። የሰው መለያ ደግሞ ያደምቅና በሠርጉ ማግስት ያስወልቃል። አሁን ሌላ ሰው ይከፍልልኛል፤ መለያው ግን በእኔ ኢሜይልና በእኔ ስልክ የተከፈተ ነው፤ ከፋዩ የካርዱን ቁጥር አስገብቶ ይሄዳል። ቢጠፋብኝ ከፋይ እቀይራለሁ እንጂ ሥራዬን አላጣም። የሙሽሮቹን ነገር አትጠይቁኝ፤ አንደኛዋ እናት እስከ ዛሬ በመንገድ ስታገኘኝ ሰላም አትለኝም።


ማራኪ_ማደሪያ
ጥር 4፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እኛ ጋ ይህ ነገር በጨዋታ በኩል ነው የሚመጣው፤ «ተጫወት እንጂ ምን አገባህ» የምትሉ ታላላቆች ግን ታገሡኝ፤ ነገሩ ያው ነው።

ዩቢሶፍት የተባለ የጨዋታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ዘ ክሩ» የሚባል የመኪና ጨዋታ ነበር። ብቻህን ስትጫወትም ከኩባንያው ሰርቨር፣ ማለትም ከማዕከላዊ ኮምፒውተሩ፣ ጋር በኢንተርኔት መገናኘት አለበት። በ2024 መጋቢት መጨረሻ ሰርቨሩን ዘጉት፤ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ሁሉ፣ ዲስኩ በመደርደሪያው ያለው ጭምር፣ ባዶውን ቀረ። ከዚያ የተነሣው የጨዋታዎችን መገደል ይቁም የሚል ዘመቻ በአውሮፓ ኅብረት የዜጎች አቤቱታ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰበሰበ። የሚጠይቁት ለዘለዓለም ሰርቨር ክፈቱልን አይደለም። ስትሄዱ ጨዋታውን ብቻውን መቆም እንዲችል አድርጋችሁ ተዉልን ነው።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ሰው፣ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም በሕግ ከልክላለች። አውርደህ ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው የምትይዘውን ዕቃ ግን ሕጉ አይነካውም። ቃሉ ላይ ነው የዘመቱት፤ ኮድ ለቃሚ ያለው ነገር ማለት ነው።

ለባለመድኃኒቱ የሚቀርበው ግን የመጽሐፉ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን፣ የመሸጥ መብት በሌለው አሳታሚ የቀረቡለትን የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት፣ «1984»ን ጭምር፣ ሰዎች ከገዟቸው በኋላ ኪንድል ከሚባለው የመጽሐፍ ማንበቢያቸው ላይ በርቀት አጠፋቸው። ገንዘባቸውን መልሷል። አንድ ተማሪ ግን ለትምህርት ቤት ሥራ በመጽሐፉ ላይ የጻፈው ማስታወሻ አብሮ ከጥቅም ውጪ ሆነበትና ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ማይክሮሶፍትም በ2019 የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የመጻሕፍቱን ዋጋ መልሶ፣ ማስታወሻ ለጻፉባቸው ሰዎች 25 ዶላር ጨምሮ ሰጠ። መጽሐፉ ዋጋ አለው፤ ሰው በራሱ እጅ ለጻፈው ግን ዋጋ ማውጣት አልተቻለም፤ 25 ዶላር ገመቱት። የባለመድኃኒቱ የሦስት ዓመት መዝገብ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ፕሮግራሙ የማንም ይሁን፣ መዝገቡ የእሱ ነው።

(እኔ ራሴ በቴሌግራም ርካሽ የጨዋታ ቁልፍ ገዝቼ በሦስተኛው ሳምንት ተሰርዞብኛል። ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር ከራሱ የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወተ፣ ገንዘቡን ይመልሳሉ። ከውጭ የተገዛ ቁልፍ ግን ይህን አያገኝም። ተማርሁ።)


ጡረተኛው_መምህር፣ ልደታ
ጥር 5፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ልጆቼ፣ ኮምፒውተሩን ከልጅ ልጄ ነው የማየው። ነገሩን ግን ከእናንተ በፊት አውቀዋለሁ።

በዚህ አገር መሬት ሁለት ዓይነት ነበር፤ ርስትና ጉልት። ርስት ከአባት ከእናት የወረድህበት ነው፤ ባለ ርስቱን መንቀል ቀላል አልነበረም። ጉልት ግን ንጉሥ ለሎሌው ወይም ለደብር የሚሰጠው የማስገበር መብት ነው። ለሎሌው የሰጠውን ሲከፋው ይነሣዋል። ባለ ጉልቱ በአገሩ ጌታ ነው፣ ይከበራል፣ ግብር ይበላል፤ አዋጅ በተነገረ ማግስት ግን እንደ ማንኛውም ሰው ነው። እናንተ ርስት ገዛን ብላችሁ ጉልት ተቀብላችኋል።

ስለ መጽሐፍም ላንሣ። በየአድባራቱ ባሉት የብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚል ግዝት ታገኛላችሁ። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። የፈቃድ ውል ትሉት ነበር እናንተ ብትሆኑ። ግን አስተውሉ፤ የገለበጠው አይልም። መገልበጥ ጽድቅ ነበር። ግዝቱ የወደቀው መጽሐፉን ከቦታው በሚያጠፋውና የባለቤቱን ስም በሚፍቀው ላይ ነው። የዛሬው ሻጭ የሚፈራው መገልበጥን ነው፤ መዝገብ መፋቁን ግን ራሱ ያደርገዋል።


ኮድ_ለቃሚ፣ ቀበሌ 18

መምህር፣ ምሳሌው ይጥማል፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር ይፈቀድልኝ። መገልበጥ ጽድቅ የነበረው የገልባጩ ድካም ራሱ ዋጋ ስለነበረው ነው። አንድ ዳዊት ለመገልበጥ ወራት ይፈጃል። የእኔን ፕሮግራም ለመገልበጥ ስምንት ሰከንድ ይበቃል፤ ገልባጩም ሻይ እየጠጣ ነው።


ጡረተኛው_መምህር፣ ልደታ

ልክ ነህ ልጄ። እኔም በነፃ ስጥ አላልሁህም። የዛሬው ገበሬ መሬቱን መሸጥ አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ባለቤት አይደለም ማለት ነው። ሆኖም በስሙ የተጻፈ የይዞታ ደብተር አለው፤ ሊነጥቀው የመጣን ሰው በዚያች ደብተር ችሎት ያቆመዋል፤ ለልጁም ያወርሰዋል። ባለ ርስት ካላደረጋችሁን ደብተሩን ስጡን ነው የምለው። በስማችን፤ በማሽኑ ስም አይደለም።


ጠጋኙ፣ አዘዞ
ጥር 5፣ ከሰዓት በኋላ

ሁላችሁም ሕግና ታሪክ አወራችሁ፤ የሰውየው መድኃኒት ግን መደርደሪያ ላይ ነው።

ባለመድኃኒቱ፣ ሌላ ነገር ከመሞከርህ በፊት ያንን ሃርድ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ አስገልብጠው። የተቆለፈው ፕሮግራሙ ነው፤ መዝገቡ ብዙ ጊዜ አይቆለፍም። እዚህ አገር የሚሸጡ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ያየኋቸው መረጃውን የሚያስቀምጡት በታወቀ የዳታቤዝ ዓይነት፣ በአንድ ወይም በሁለት ፋይል ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ባለበት ማኅደር ውስጥ በመጠን ትልቁንና መብራት በሄደበት ቀን ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠውን ፋይል ፈልግ። እሱ ነው መዝገብህ። ያለ ፕሮግራሙም ከፍቶ ወደ ሠንጠረዥ የሚያወጣልህ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አይጠፋም። የሻጩን ቁልፍ አልሰበርህም፣ ፕሮግራሙንም አልነካህም፤ የራስህን ጽሑፍ ነው ያነበብኸው።

ሌላ ደግሞ፦ ሰሞኑን «ዊንዶውስ 10 ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» እያሉ የሚያስፈራሩ አሉ። ድጋፉ የቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። መደበኛው የደኅንነት ጥገና አይመጣለትም ማለት ነው፤ ከኢንተርኔት ጋር ለሚገናኝ ማሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፕሮግራሙ ግን እንደ ትናንቱ ይነሣል። ድጋፍ ማቆምና መቆለፍ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያውን ማንም ሻጭ አንድ ቀን ያደርገዋል።


ባለመድኃኒቱ፣ ማራኪ
ጥር 16፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዘግይቼ ተመለስሁ፤ በጥምቀት ሰሞን መቀመጫ አልነበረኝም። እንዳላችሁት አድርጌ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ፋይሉን አገኘነው። የጎረቤቴ ልጅ፣ ሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶ የመድኃኒቶቹን ስም፣ ብዛትና የማብቂያ ቀን ወደ ሠንጠረዥ አወጣልኝ። የሽያጩ ክፍል ላይ ፊደሎቹ ተመሰቃቅለው ትርጉም የሌለው ነገር ሆነ፤ ሻጩ አማርኛውን በድሮ የፊደል አሠራር ነበር የጻፈው ይላል ልጁ። እሱን ገና እየፈታው ነው። ለጥምቀት ግን የማብቂያ ቀኑ ይበቃኝ ነበር። በዓይናችን ፈትሸን አልፈን ከነበሩት እሽጎች ውስጥ ሁለቱ ጊዜያቸው በዚሁ ወር ያበቃል። እንዲያውም አንደኛውን ሠራተኛዬ ለሽያጭ ከፊት ደርድራው ነበር።

ለሻጩ ደግሞ በችሎት ደጅ ምክር አጭር ደብዳቤ ጻፍሁ። ስድብ የለበትም። «አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሸጠውልኛል፤ ደረሰኝዎ እንዲህ ይላል፤ የአንድ ማሽን ፈቃድ መሆኑን ከመክፈሌ በፊት አልነገሩኝም፤ ዕቃዬን እንድጠቀምበት ይፍቀዱልኝ» የሚል ነው። የደረሰኙን ፎቶ አያያዝሁ። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ደወለ። አልተጣላንም። ደረሰኙን እንዲያ የጻፈችው ጸሐፊዋ እንደሆነች፣ እሱም እንዳላየው ነገረኝ። ቁልፉን በነፃ ላከ። «ለሚቀጥለው ጊዜ ግን» ብሎ ጀመረ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆነውን አሁን በጽሑፍ ይላኩልኝ አልሁት። ላከ። በአማርኛ፣ አንድ ገጽ፦ ፈቃዱ በመድኃኒት ቤቱ ስም ነው፤ ማሽን ሲበላሽ በዓመት አንድ ጊዜ ዝውውር በነፃ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ 1,500 ብር። ስለ መዝገቡ ምንም አላለም፤ መልሼ ጻፍሁለት፤ እስከ አሁን መልስ የለም።


የችሎት_ደጅ፣ አራዳ

በቴሌግራም የላከውን ገጽ እንዳያጠፉት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል። ቢሆንም አትመው ያስፈርሙት፤ ወረቀት ወረቀት ነው።


ፎቶ_ቤቷ፣ ፒያሳ

የመጣችሁ እንግዶች ፎቶ ካላችሁ በሁለት ዲስክ አስቀምጡት። እኔ ልሂድ፤ ነገ ሠርግ አለኝ።


ዝም_አይልም

ስለዚህ የእኔ ፍላሽ አያስፈልግም ማለት ነው?


ባለመድኃኒቱ፣ ማራኪ

ያስፈልጋል። ለመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ የሚሆን ሌላ ፍላሽ አጥቻለሁ። ባዶ አድርገህ ይዘኸው ና፤ ሻይ በእኔ።